ስለ «ስክሪቤሬ»፤ የሮማይስጥ ግስ ትርጓሜና ሙያ

በመስቀሉ ራስ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፥ በሮማይስጥና በጽርእ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ በ19ኛው ምዕራፍ ተናግሯል። ከሦስቱ ቋንቋዎች ኹለቱን የግዕዝ መተርጕማን ብዙ ጊዜ ያነሷቸዋል፤ ሮማይስጥ ግን፥ ይኸውም ዛሬ ላቲን የሚባለው፥ ስሙ ሲጠራ እንጂ ቃሉ ሲመረመር እምብዛም አይሰማም። ኾኖም ለግዕዝ ተማሪ እንግዳ ሊኾን አይገባውም። ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ግዕዝ በ1661 እ.ኤ.አ. በመዝገበ ቃላት ሲያሳትም፥ ኋላም ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ታላቁን መዝገቡን ሲያወጣ፥ ኹለቱም የግዕዙን ቃል የፈቱት በሮማይስጥ ነው። ስለዚህ በኤውሮጳ ትምህርት ቤት ጸሐፈ የሚለው ግስ ስክሪቤሬ ከሚለው ጋራ እንደ ኹለት በሬ በአንድ ቀንበር ተጠምዶ ኖሯል። ኹለቱ በሬዎች እኩል ይራመዳሉን? ነገሩ የሚመረመረው ከዚህ ነው።

አስቀድሞ ስለ መልኩ ጥቂት ቃል ይበቃል። የግዕዝ መምህር ግስ ሲያስቈጥር በሩቅ ወንድ፥ በኀላፊ አንቀጽ ይጀምራል፤ ጸሐፈ ይላል። የሮማይስጥ መምህር ግን ከተናጋሪው ከራሱ ይነሣል፤ ስክሪቦ «እጽፋለሁ»፥ ስክሪቤሬ «መጻፍ»፥ ስክሪፕሲ «ጻፍሁ»፥ ስክሪፕቱም «የተጻፈ» እያለ ያወርዳል። ብ ወደ ፕ የተለወጠው ከበስተኋላው ስ ወይም ት ስለ ተከተለው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለበትም። የቃሉ ጥንተ ትርጕም መጫር፥ መቧጨር ነው፤ የጽርእ ሰዎች ግራፎ የሚሉትም እንዲሁ በመጀመሪያ ፋቀ፥ ጫረ ማለት ነበር። ጥንት ጽሕፈት በድንጋይ፥ በእንጨትና በሰም ላይ በስለት ይደረግ ስለ ነበረ ነው። ጸሐፈ ግን የሴም ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ በደቡብ ዐረብ የድንጋይ ጽሕፈትና በዐረብኛ ይገኛሉ፤ ዐረቦች መጽሐፍን ሙጽሐፍ ማለታቸውም ከግዕዙ መጽሐፍ የተወሰደ ነው ብለው ከሚናገሩት ሊቃውንት አንዱ ቴዎዶር ኖልደኬ ነው።

የሮማይስጡ ግስ ኀይሉ በመነሻው ላይ በሚጨመርለት ፊደል ነው። ግዕዝ ግስን በአዕማድ ያበዛዋል፤ ጸሐፈ ብሎ ተጽሕፈ፥ አጽሐፈ ይላል። ሮማይስጥ ግን በግሱ ራስ ላይ ትንሽ ቃል እየደፋ አዲስ ትርጓሜ ያወጣለታል። ኢንስክሪቤሬ በአንድ ነገር ላይ መጻፍ ነው፤ ሱብስክሪቤሬ ከበታች ስምን ማኖር፥ ትራንስክሪቤሬ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው መገልበጥ፥ ኮንስክሪቤሬ ሰዎችን በአንድነት በመዝገብ ማግባት፥ ይልቁንም ጭፍራ መመልመል ነው። የሮም የሸንጎ አባቶችም ከዚሁ ቃል «አብረው የተጻፉ» ይባሉ ነበር። ከኹሉ የከፋው ፕሮስክሪቤሬ ነው። ቃሉ በራሱ «በፊት ለፊት ጽፎ መስቀል» ማለት ብቻ ሲኾን፥ ሱላ የተባለው ገዥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 ዓመት የጠላቶቹን ስም ጽፎ በአደባባይ ስላሰቀለና ያገኛቸው ኹሉ እንዲገድላቸው ስላዘዘ፥ ከዚያ ወዲያ ትርጕሙ ሞት ኾነ። በ43 ዓመት ደግሞ ሦስቱ ገዥዎች እንደ ገና እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰቀሉ፤ የሮማይስጥ ንግግር አባት የሚባለው ኪኬሮ ስሙ ከዚያ ዝርዝር ገብቶ ተገደለ። በቃል የከበረ ሰው በአንድ ግስ ተገደለ ቢባል ማጋነን አይኾንም።

አሁን ወደ ወንጌል እንምጣ። ሉቃስ በኹለተኛው ምዕራፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ስለ ወጣችው ትእዛዝ ሲናገር፥ የጽርኡ ወንጌል በቁጥር 1፥ በቁጥር 3 እና በቁጥር 5 አንዱን ግስ ሳይለውጥ ይደጋግመዋል፤ እርሱም «በመዝገብ መጻፍ» ማለት ነው። የሮማይስጡ ወንጌል ግን በቁጥር 1 ዴስክሪቤሬ ካለ በኋላ በቁጥር 3 እና 5 ግሱን ትቶ ፕሮፊቴሪ ይላል፤ ይኸውም ሰው ስለ ራሱ ቆሞ መናገር፥ ራሱን ማሳወቅ ነው። ይህ ለምን ኾነ ቢሉ፥ በሮም ሥርዐት የሕዝብ ምዝገባ ኹለት ወገን ነበረው፤ መንግሥት ይጽፋል፤ ሰውየው ደግሞ በሹሙ ፊት ቀርቦ ስሙን፥ ቤተ ሰቡንና ሀብቱን ያስታውቃል። ስለዚህ ቄሣር ሲያዝዝ ዴስክሪቤሬ፥ ዮሴፍ ሲወጣ ፕሮፊቴሪ ተባለ። በሕግ ረገድ ይህ እጅግ የጠራ ትርጓሜ ነው፤ የአገሩን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

በዚህ ስፍራ ለቅዱስ ሄሮኒሞስ፥ ኤውሮጳውያን ጀሮም ለሚሉት፥ ምስጋናውንም ነቀፋውንም መስጠት በጥንቃቄ ሊኾን ይገባል። ተሳላሚዎች በቤተ ልሔም ከልደት ዋሻ አጠገብ የእርሱን ዋሻ ሲያዩ ወንጌሉንም በዚያ እንደ ተረጐመ የሚያስቡ አሉ። እንዲህ አይደለም። እርሱ ወደ ቤተ ልሔም የመጣው በ386 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ አራቱን ወንጌላት ግን ከዚያ በፊት በሮም ሳለ በጳጳሱ በደማስስ ትእዛዝ አርሟቸዋል። ማረም እንጂ መተርጐም አላለም፤ የጥንቱን የሮማይስጥ ትርጓሜ ይዞ ምስጢሩ የተለወጠበትን ብቻ እንዳቀናና የቀረውን እንደ ነበረ እንደ ተወ በመቅድሙ ተናግሯል። ስለዚህ የፕሮፊቴሪ ባለቤት ከእርሱ የቀደሙ፥ ስማቸው ያልታወቀ ተርጓሚዎች ሊኾኑ ይችላሉ። እርሱ በቤተ ልሔም የደከመበት ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ መመለስ ነው።

የጠራው ትርጓሜ ግን ዋጋ አስከፍሏል። በጽርኡ መልእክት ወደ ዕብራውያን ሰዎች በ12ኛው ምዕራፍ በሰማያት ስለ ተጻፉት በኵራት ሲነገር፥ ግሱ በቤተ ልሔሙ ምዝገባ የተነገረው ያው ግስ ነው። የሮማይስጡ መጽሐፍ በዚያ ኮንስክሪቤሬን አመጣ። እንግዲህ አንዱ የጽርእ ግስ በሦስት ተከፈለ፤ ለቄሣር ዴስክሪቤሬ፥ ለዮሴፍ ፕሮፊቴሪ፥ ለበኵራት ኮንስክሪቤሬ። በምድር የተጻፈው ሕፃን በሰማይ ከሚጽፈው ጌታ ጋራ አንድ መኾኑን ከቃሉ ድምፅ ብቻ ሊሰማ የሚሻ ሮማዊ አንባቢ መንገዱ ተቈርጦበታል። የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያስተውለው የቀረ አይመስልም። በልደት ቀን በተናገረው ስብከቱ፥ ጌታ ሲወለድ ዓለም መጻፉ ምርጦቹን በዘለዓለም መዝገብ የሚጽፍ እርሱ በሥጋ ስለ ተገለጠ ነው ብሎ ሲያመሠጥር፥ ለቄሣር ምዝገባ የወንጌሉን ዴስክሪቤሬ ይዞ ለጌታ አስክሪቤሬ የሚለውን ዘመዱን አቀረበለት። ከአንድ ሥር የወጡ ቅርንጫፎች ናቸውና ሰሚው ወደ ሥሩ ተመለሰ። ተርጓሚው የበተነውን ሰባኪው ሰበሰበው።

የግዕዝ ወንጌል ግን ለዚህ መጠገኛ አላስፈለገውም። በቄሣር ትእዛዝ ይጸሐፍ አለ፤ ምእመናን በሰማይ ለመጻፋቸውም ሥሩ ያው ጽሕፈት ነው። በሕግ ቃል ድኻ ቢባል በምስጢር ባለጸጋ ነው። በአማርኛ ይህን ስፍራ «ተቈጠረ» ብሎ መመለስ ግን ከኹለቱም ወገን ጥቅም የለውም፤ ቍጥር ለብዛት፥ ጽሕፈት ለስም ነው። በኹለተኛ ሳሙኤል 24ኛ ምዕራፍ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ የሮማይስጡ መጽሐፍ የሚያመጣው ኑሜራሬን ነው፤ ይህም መቍጠር ነው። ኹለቱን ማቀላቀል በደል የተባለውን የዳዊትን ቍጥር ከልደት ምዝገባ ጋራ ማቀላቀል ነው። ደግሞም ዴስክሪቤሬ ዛሬ በኤውሮጳ ቋንቋዎች ወርዶ «መልኩን ገለጸ፥ አተተ» ማለት ስለ ኾነ፥ ከእነዚያ ተነሥቶ ቄሣር የዓለምን ሥዕል እንዲሥሉለት አዘዘ የሚል ቢገኝ የልጁን ጠባይ ለአያቱ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

ሌላው ነገር ማን ጻፈ የሚለው ነው። በሮሜ መልእክት 16ኛ ምዕራፍ ጤርጥዮስ መልእክቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ ብሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ የሮማይስጡ ቃል ስክሪፕሲ ነው። በገላትያ መልእክት መጨረሻ ደግሞ ጳውሎስ በገዛ እጁ ስለ መጻፉ ሲናገር ቃሉ ያው ስክሪፕሲ ነው። አንደኛው እጁን ያዋሰ፥ ኹለተኛው የቃሉ ባለቤት ነው፤ ግሱ ግን አይለያቸውም፤ ስለዚህም ጳውሎስ «በእጄ» ብሎ መጨመር አስፈለገው። ሄሮኒሞስ ራሱ ብዙውን መጽሐፉን በቃሉ እየተናገረ በፈጣን ጸሓፊዎች እጅ ያስጽፍ ነበር፤ መጽሐፈ ጦቢትን በአንድ ቀን የፈጸመው አንድ ሰው ከከለዳውያን ቋንቋ ወደ ዕብራይስጥ እየመለሰለት፥ እርሱ ደግሞ በሮማይስጥ ለጸሓፊው እየነገረ እንደ ኾነ በመቅድሙ ገልጧል። ይህንም ሥራ ሮማይስጥ መጻፍ ይለዋል። ግዕዝ በዚህ ከሮማይስጥ ይበልጣል፤ አስደራጊው አጽሐፈ አለውና። በብራና መጻሕፍት ፍጻሜ ዘጸሐፎ እና ዘአጽሐፎ ተለይተው በረከት ይለመንላቸዋል፤ ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ ዐይኑን ያደከመው ሰው ዋጋውን ከከፈለው ባለጸጋ ጋራ አይደባለቅም። ይህ የሰዋስው ብልጫ ብቻ አይደለም፤ የደመወዝና የጸሎት ነገር ነው።

ስለ መጻፊያው ዕቃም ግሱ ብዙ ያስተምራል። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ ተይዞ ሳለ የለመነውን ነገር የሮማይስጡ ወንጌል ፑጊላሪስ ይለዋል፤ ቃሉ ጭብጥ ከሚለው የወጣ ነው። ይኸውም በአንድ እጅ የሚጨበጥ፥ ሰም የተቀባ ትንሽ ሰሌዳ ሲኾን፥ በሹል ብረት ይጫርበታል፤ በብረቱ ደንደስ እየተዳመጠ ይፋቅና እንደ ገና ይጻፍበታል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ ብራና ይላል። ለአገሩ አንባቢ የቀረበ ቃል ነው፤ ነገር ግን ወራት ሙሉ በምልክት ሲነጋገር ለኖረ ሰው የሚመቸው እየተፋቀ ደጋግሞ የሚጻፍበት ሰሌዳ ነበር። ብራና የወጣበት ድካም የሚታወቅ ነው፤ ለአንድ ስም ተብሎ አይዘረጋም። የመጥምቁ ዮሐንስ የትውልድ ስፍራ ነው ወደሚባለው ወደ ዓይን ካሬም የሚወርድ ተሳላሚ በልቡ ሰሌዳን ቢሥል ከወንጌሉ ቃል ጋራ ይስማማል።

ከሰም ሰሌዳው የተወለደ አንድ ሌላ ግስ አለ፤ ኤክሳራሬ ይባላል። አራሬ ማረስ ነው፤ ከአማርኛው አረሰ ጋራ በድምፅ መቀራረቡ የአጋጣሚ ነው፤ በዘር አይገናኙም። ኤክሳራሬ እንግዲህ አርሶ ማውጣት፥ ገልብጦ ማረስ ሲኾን፥ ብረቱ ሰሙን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ትልም ስለሚያወጣ «ጻፈ» ለማለት ተነገረ። ኪኬሮ በመልእክቶቹ ይህን ቃል ለደብዳቤ መጻፍ ያዘወትረዋል። ስንኝንም መስመርንም ቬርሱስ ማለታቸው መመለስ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ በሬ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ እንደሚመለስ ማለት ነው። በ636 ዓመት ያረፈው የሴቪሊያው ኢሲዶር፥ ጥንት ሰዎች መሬት እንደሚታረስ አድርገው ይጽፉ ስለ ነበረ ነው ብሎ ፈትቶታል። እውነትም በሮም አደባባይ የተገኘው ጥንታዊ የጥቍር ድንጋይ ጽሕፈትም፥ ከሳባ ጽሕፈቶች ጥንታውያኑም፥ መስመሮቹ ከትልሙ ጫፍ እንደሚመለስ በሬ እየተመለሱ ይሄዳሉ።

ሄሮኒሞስ በዚህ ቃል ምን እንደ ሠራ ማየት ያስደስታል። ኢዮብ በ19ኛው ምዕራፍ ቃሌ ምነው በተጻፈ ብሎ ሲመኝ፥ ዕብራይስጡ መጻፍንና መቅረጽን አከታትሎ ያመጣል፤ ሄሮኒሞስ ለመጀመሪያው ስክሪቤሬን፥ ለኹለተኛው ኤክሳራሬን ሰጠ። ይህ መልካም ነው። ከዚህ የሚበልጠው በኤርምያስ 17፥ 1 ነው። የይሁዳ ኀጢአት በብረት ብርዕ ስለ መጻፉ ሲነገር ዕብራይስጡ ሐረሽ ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ያመጣል፤ ሐረሽ በዕብራይስጥ መቅረጽም ማረስም ነው፤ የግዕዙ ሐረሰ የእርሱ ወንድም ነው። ሄሮኒሞስ ኤክሳራሬ ብሎ ሲመልሰው፥ በሌላ ዘር ቋንቋ ያውን መንታ ትርጕም፥ ማረስንና መጻፍን፥ በአንድ ቃል አገኘለት። እንዲህ ያለ ዕድል ለተርጓሚ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ይገጥመዋል። የሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ በዚህ ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ስለማያገኛቸው፥ ምስክሩ ከዕብራይስጡ በቀጥታ መመለሱ ነው።

ነገር ግን ያው ቁጥር ሳያልቅ እጁ ላላ። ዕብራይስጡ ትልሙ የወጣው በልባቸው ጽላት ላይ ነው ይላል፤ እርሱ ጽላት የሚለውን ትቶ «ስፋት» አለ። ማረሻውን ጠብቆ እርሻውን ለቀቀ። ጽላት የሚለው ቃል የሲናን ሕግ ያሳስባል፤ በዚያ የእግዚአብሔር ጣት የጻፈው ሕግ፥ በዚህ የሰው ኀጢአት የተጻፈበት ልብ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ስፋት የሚለው ቃል ይህን አያሳይም። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው የግዕዝን ግስ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ጋራ ሲያስተያዩ የኖሩት፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገባቸውም የተዘጋጀው፥ የእንደዚህ ያለውን ቃል ሥር ለመያዝ ነው።

ኤክሳራሬ ከዘመን ብዛት ደነዘዘ። በመካከለኛው ዘመን የኤውሮጳ ጸሓፊዎች በብርዕና በቀለም እየጻፉም «ታረሰ» ማለትን አልተዉም፤ ኋላም የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር በሮማይስጥ ያዘጋጁ ሊቃውንት፥ ይህ መጽሐፍ በዚህ ዘመን፥ በእንዲህ ያለ እጅ ተጻፈ ለማለት ያዘወትሩታል። የግዕዝ መጻሕፍትን ዝርዝር የሚያነብ ተማሪ በዚያ ሲያገኘው ተቀረጸ ወይም ተፋቀ ብሎ እንዳይፈታው፤ ተጻፈ ብቻ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለግዕዝ ብራና ቃሉ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ቍም ጸሓፊ ቀለም ሳይነክር አስቀድሞ በወስፌ ጠርዙን ይወጋል፤ ከዚያም ያለ ቀለም ጭሮ መስመሩን ያወጣል። ብራናው መጀመሪያ ይታረሳል፤ ፊደሉ በኋላ ይዘራል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የዚህ ግስ ስፍራ ግን ጎልጎታ ነው። ዮሐንስ ጽሕፈቱን የጻፈው ጲላጦስ ነው ይላል። ገዥ በእጁ ሰሌዳ አይጽፍም፤ ስክሪቤሬ ያዘዘውንም እንደሚያጠቃልል ከላይ ታይቷል። በ1961 እ.ኤ.አ. በቂሣርያ የተገኘውና ዛሬ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም የሚታየው የሮማይስጥ ድንጋይ የጲላጦስን ስም የይሁዳ ገዥ ከሚል ሹመት ጋራ ይዟል፤ የቀረጸው ጠራቢው ሲኾን ሥራው የሚነገረው በጲላጦስ ነው። የካህናት አለቆች ቀርበው አትጻፍ ሲሉት፥ ሮማይስጥ ለመከልከል ኖሊ ስክሪቤሬ ይላል፤ በቁሙ «መጻፍን አትውደድ» ማለት ነው፤ የቋንቋው ትሕትና ነው እንጂ ልመናው ለስላሳ ነበር ማለት አይደለም።

የጲላጦስ መልስ በሮማይስጥ ስክሪፕሲ የሚለውን ቃል ኹለት ጊዜ ይዟል። በኹለተኛው መቶ ዓመት በአፍሪካ የኖረው አፑሌዩስ፥ የሮም ገዥ ፍርዱን ከሰሌዳ አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ አንዲት ፊደል ሊጨመርበትም ሊቀነስበትም እንደማይቻል ይናገራል፤ የጲላጦስ ቃል ከዚህ ልማድ ጋራ ይስማማል። ነገር ግን የሮማይስጥ ኀላፊ አንቀጽ ኹለት ነገር በአንድ ቃል ይሸከማል፤ «አንድ ጊዜ ጻፍሁ» እና «ጽፌ ጨርሻለሁ፥ እንደ ጻፍሁት ይኖራል» የሚሉትን አይለይም። ጽርኡ ይለያል፤ በኹለቱም ስፍራ የፍጻሜውን፥ እስከ አሁን የሚኖረውን አንቀጽ ያመጣል። ግዕዙ በዚህ የሮማይስጥ ባልንጀራ ነው፤ ጸሐፍኩ አንድ መልክ አለውና ኹለቱንም በእርሱ ይናገራል፤ ልዩነቱን የሚያወጣው መምህሩ ነው። አማርኛ ግን ያለ መምህር ይለየዋል። መጀመሪያውን በጻፍሁ፥ ኹለተኛውን በጽፌአለሁ ሲመልስ፥ ትናንት የተደረገውን ሥራ ዛሬ ከሚጸናው ጽሕፈት አስቀድሞ ያኖረዋል። እንግዲህ በቋንቋ ዕድሜ ከሦስቱ ታናሽ የኾነው አማርኛ በዚህ አንድ ቃል ከሮማይስጥም ከግዕዝም ይልቅ ለጽርኡ ቀርቧል።